የጓያው እንፋሎት

ምንዋጋው በአገሩ የሚታወቀው በእግሩ ነበር። ሰቆጣ ዙሪያ ባሉት ገደላማ መንደሮች ሰው በመሬቱ ይታወቃል፣ በበሬው ይታወቃል፣ ሁለቱም ከሌለው ደግሞ በምላሱ ይታወቃል። ምንዋጋው መሬቱ ድንጋይ የበዛበት ቁራሽ፣ በሬው አንድ፣ ምላሱም እዚህ ግባ የማይባል ነበር፤ እግሩን ግን እግዜር ሳይሰስት ሰጥቶታል። ስለዚህ ሰው ሲሞት መርዶ የሚላከው እሱ ነው። ሬሳው ሳይቀበር ከሸንተረሩ ማዶ ያለው ዘመድ መስማት አለበት፤ ስልክ የለ፣ መኪና የለ፣ ያለው የምንዋጋው እግር ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ዘመዱን ከነለቅሶው አስከትሎ ለቀብሩ ይደርሳል። ከዚህም የተነሳ እሱ ሲፈጥን ያየ ሁሉ ክፉ ነገር ይጠረጥራል። ምንጭ ዳር ያሉ ሴቶች ሲያልፍ ባዩት ቁጥር እንስራቸውን አስቀምጠው "ደግሞ ማን ይሆን?" ይሉ ነበር።

ሚስቱ ይመኙሻል ግን ያን እርምጃ ትወደው ነበር። ሲያጯት ፊቱን አላየችም፤ መጀመሪያ ያወቀችው በአባቷ ቤት ጓዳ ተቀምጣ፣ ከደጅ ሲገባ እግሩን ሰምታ ነው። የጎማ በረባሶው መሬቱን የሚረግጠው እኩል እኩል ነበር፤ አንዱ ከአንዱ አይጠነክርም፣ አንዱ ከአንዱ አይዘገይም። ይሄ ሰው መሬቱን እንኳ አያስቀይማትም ብላ አሰበች፤ ማንም ባይጠይቃትም ልታገባው ቆረጠች። ከተጋቡ ወዲያም ባሏን ከማየቷ በፊት መስማት ልማዷ ሆነ። ከሸንተረሩ ሲወርድ ከጎረቤቱ ሁሉ እግር ለይታ ታውቀዋለች። እሱም "የሚስቴ ጆሮ ደጅ ነው እሚያድረው" እያለ ይቀልድባት ነበር።

በ1990 ክረምት ዝናቡ ነሐሴ ሳይጋመስ ወጣ። ገብሱ ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ፣ ማሽላውም በቁሙ ከሰለ። የተረፈው በመስከረም መጨረሻ ዋልካው ጥቁር አፈር ላይ የበተኑት ጓያ ብቻ ነበር። ጓያ ዝናብ አይለምንም፤ ጤዛ ይበቃዋል። ሌላው እህል ሁሉ ሲከዳ እሱ ሰማያዊ አበባውን አውጥቶ ቁጭ ይላል። ጉዱን ግን የማያውቅ የለም፤ ጓያ እግር ይሰብራል። በየመንደሩ በሁለት ምርኩዝ ጉልበቱን እያጋጨ የሚሄድ፣ ስሙ ቀርቶ "ጓያ የሰበረው" የሚባል አንድ ሰው አይጠፋም።

እንዴት እንደሚሰብር ደግሞ የምንዋጋው እናት ወለተ ሰንበት አጥብቀው ያውቃሉ፤ ወይም የሚያውቁ ይመስላቸዋል። በልጅነታቸው አንድ ወንድማቸው ገና ትኩስ የሆነ የጓያ ገለባ ላይ ተኝቶ አድሮ፣ ሳይከርም እግሩ ተሰብሯል። ስለዚህ ሕጉን መጀመሪያ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ፣ ቀጥሎ ማንም አልገባኝም እንዳይል በአማርኛ ደነገጉት። ወንድ ልጅ ጓያው ሳይደርቅ ማሳው ውስጥ አይገባም። ሲወቃ ነፋስ በሚያመጣበት በኩል አይቆምም። ከሁሉም በላይ ጓያው ሲፈላ ከቤት ይወጣል፤ የሚሰብረው እንፋሎቱ ነውና። እንፋሎቱ ከወጣ፣ ምግቡም ከቀዘቀዘ፣ ጓያ እንደማንኛውም እህል ነው። ይመኙሻል አንድ ቀን ማሰሮው ላይ አጎንብሳ ሳለ ሴትስ አይሰብራትም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። የሴት እግር እሳት ዳር የበሰለ ነው፣ እንፋሎት አይገባውም አሏት። መልሱ አጥጋቢ ስለመሰላት ደግማ አልጠየቀችም።

ሕጉን የጠበቀችው በፍቅር ነው። ጓያው ሲደርስ ባሏን ከማሳው ድርሽ አላስባለችውም፤ ከአማቷ ጋር ሆና በእጇ ነቀለችው። ማብሰያውን ከቤት አውጥታ ከቁልቋሉ አጥር ኋላ ተከለችው። ሁልጊዜም አስቀድማ አመድ በትና ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ታያለች፤ ከዚያ "በል ውጣ" ትለዋለች፣ እሱም ወደ ሸንተረሩ ይወጣል። ቂጣውን ሰፌድ ላይ ዘርግታ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለች፤ በእጇ ጀርባ ነክታ ሙቀት ካገኘችበት ትመልሰዋለች። እሱ ሲመለስ የምትለው ቃል አንድ ነበር፤ "ቀዝቅዟል፣ ብላ።" ጎረቤት እንዴት ያለች ሚስት አገኘ ብሎ ተናገረላት፤ እሷም ሰምታ ደስ ብሏት ነበር።

ከየካቲት ጀምሮ በዚያ ቤት ሌላ እህል አልተበላም። ቂጣውም፣ ንፍሮውም፣ የጾሙ ሽሮም ጓያ ነበር። ድርሻውም እንደ አገሩ ወግ ነው፤ የሚያርስና መንገድ የሚሄድ ወንድ ቀድሞና አብልጦ ይበላል፣ ሴቶቹ የተረፈውን በሳማ ቅጠል እያበዙ ያብቃቁታል። ከጓዳው ጥግ ግን በእበት የተመረገች ትንሽ ጎታ ነበረች። ውስጧ ከአቻምናው የተረፈ የዘር ገብስ አለ። በሚያዝያ ይመኙሻል ከዚያች ጎታ ጭብጥ ጭብጥ እያወጣች ቂጣውን ልትቀላቅለው አሰበችና ባሏን አማከረችው። ምንዋጋው ድምፁን ሳያነሳ መለሰላት።

"ዘር አይበላም። እሱን በልተን ዝናብ ሲመጣ ምን ይዤ ማሳ ልግባ?"

እውነቱን ነው፤ ገበሬ ዘሩን ከበላ ገበሬነቱ አከተመ። ይመኙሻልም አፈረችና ነገሩን ተወችው።

ፋሲካ እንዳለፈ አንድ ከሰዓት በኋላ ከደጅ እግር ሰማች። ሰው እየመጣ ነው፤ አንዱ እግሩ ይረግጣል፣ ሌላው መሬቱን ጫር አድርጎ ይከተላል። እንግዳ መስሏት ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። የቆመው ምንዋጋው ነበር። የጠረጠረችውን ለራሷም መንገር አልፈለገችም። ምን ሆነሃል ስትለው ድንጋይ አደናቀፈኝ አላት። በሳምንቱም ድንጋይ አደናቀፈው። ቀጥሎ ያደናቀፈው የገዛ ቤቱ ደፍ ነበር፤ አባቱ የሠራው፣ እሱ ዳዴ ብሎ የተሻገረው ደፍ።

እንቅልፍ ሲወስደው ባቱ እየዘለለ ይቀሰቅሰው ጀመር። ቁልቁለት ሲወርድ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ በጣቶቹ ነው የሚሄደው፤ ጉልበቶቹም ይሳሳማሉ። አረጀሁ መሰል እያለ ይስቃል፤ ገና ጢሙ በቅጡ ያልሞላ ሰው። ይመኙሻል አብራው ትስቅና ወደ ጓዳ ትገባለች። አንድ ቀን እሱ ተጋድሞ ሳለ በረባሶውን አንስታ ገለበጠችው። ተረከዙ በኩል ጎማው አዲስ ነው፣ የመኪናው ጎማ መስመር እንኳ አልጠፋም። ጣቱ በኩል ግን ተግጦ ተግጦ ክሩ ወጥቷል፤ የሁለቱም እንደዚያው። ይመኙሻል በረባሶውን ወደ መደቡ ሥር ወርወር አደረገችውና አማቷ እንዳያዩት ጆንያ ጣለችበት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሷ ግን ያላዩት አይደርስም ብላ ልትሞክር ነበር።

ወለተ ሰንበት በረባሶ ማየት አላስፈለጋቸውም። ልጃቸው ከመደቡ ሲነሳ ክንዱን አስቀድሞ ሲደገፍ አዩት። ከዚያ ይመኙሻልን ወደ ጓሮ ጠርተው ምርመራ ጀመሩ። ነፋሱ ዞሮ ያውቃል? ማሰሮው ሳይከደን ቀርቷል? ቂጣው ለብ እያለ በልቶ ይሆን? ይመኙሻል በሥላሴ ማለች፤ እየማለች ግን ራሷን ተጠራጠረች። አንድ ቀን ነፋሱ ዞሮ የነበረ መሰላት። እሱ ቶሎ ተመልሶ ይሆናል፣ ቂጣው መሃሉ ሳይቀዘቅዝ ቀርቶ ይሆናል፤ ሌቱን እየተገላበጠች ጥፋቷን ስትፈልግ አደረች። በማግስቱ እሳቱን ከቁልቋሉ አጥር አንስታ ወደ ሸለቆው አፋፍ ወሰደችው። ጓያውን እዚያ ቀቅላ፣ እዚያ አብርዳ፣ ጨርቅ ሸፍና ታመጣለታለች። ሰውየው ከዚያ ወዲያ የጓያ ሽታ እንኳ አልሸተተውም።

ደክሟልና ደግሞ መጠንከር አለበት። ወለተ ሰንበት የራሳቸውን ቂጣ ለሁለት ቆርሰው ትልቁን ወደ ልጃቸው ይገፉታል፤ ጥርስ የለኝም፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ይላሉ። ይመኙሻልም ከበላሁ ቆየሁ እያለች ድርሻዋን ትጨምርለታለች፤ እሷ የምትበላው ሳማ ነበር። እንግዲህ እግሩ በደከመ ቁጥር ቂጣው ይበዛለታል። እሱም እናቱንና ሚስቱን ላለማስቀየም የሰጡትን ሁሉ ይበላ ነበር።

በግንቦት አጋማሽ ሽማግሌው ቅጣው ሞቱ። ልጃቸው ታይቱ ከሸንተረሩ ማዶ ፃግብጂ ናት ያገባችው፤ አባቷን ሳትሰናበት እንዳይቀበሩ ማን ይሂድ አልተባለም፣ ሁሉም ወደ ምንዋጋው ቤት ዞረ። ይመኙሻል አሞታል ልትል አፏን ከፈተች፤ ባሏ ግን ቀድሞ በረባሶውን እያጠለቀ ነበር። መርዶ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ በዚያ ላይ እሱ አለመታመሙን ለሰው ሁሉ ማሳየት ፈልጓል። ደጃፉ ላይ ቆማ እስኪሰወር አየችው። ቀጥ ብሎ ለመሄድ ሲታገል አንገቱ ሁሉ ይወጣጠር ነበር።

ቀብሩ እሱን ጠበቀ። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፣ ዘቀዘቀች፤ ከማዶ የሚመጣ የለም። ሰው እያጉረመረመ ወደ ሸንተረሩ ያያል፤ ይመኙሻል ማየት ፈርታ ጆሮዋን ብቻ አቆመች። በመጨረሻ ካህናቱ ሬሳው በዚህ ሙቀት አይቆይም አሉና አፈሩ ተመለሰ። ታይቱ የደረሰችው ሰው ሊበተን ሲል ነው። ብቻዋን እየሮጠች መጥታ ትኩሱ መቃብር ላይ ወደቀች። ምንዋጋው ከእሷ በጣም ዘግይቶ በወይራ ምርኩዝ እየተደገፈ ብቅ አለ፤ መዳፉና ጉልበቱ ደም በደም ነው። ቁልቁለቱን ደጋግሞ ወድቆበት፣ አንዳንዱን ቦታ በእጁ እየዳኸ ነበር የወረደው። ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ ማንም አልሰደበውም። ታይቱ ከመቃብሩ ቀና ብላ አየችው። ዝም ብትለው ይሻለው ነበር።

"አንተ እግር አልነበረህም እንዴ?" አለችው፤ ቁጣ አልነበረባትም፣ ግራ ገብቷት ነው።

አፍ ያለው አፉን አያጣምና በሰንበቴው ሁሉም ያሻውን አለ። አንዱ መንገድ ላይ ጠላ ቤት ገብቶ ነው ሲል፣ ሌላው የሟቹ እርግማን ነው አለ፤ ከመቼ ወዲህ ቅጣው ሰው እንደረገሙ እሱ ነው የሚያውቀው። በተከታዩ ወር አንዲት አሮጊት ሲሞቱ መርዶው በሌላ ሰው ተላከ። ለምንዋጋው ማንም አልነገረውም። መልእክተኛው በደጁ ሲያልፍ አይቶ ገባውና ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። ይመኙሻል አጠገቡ ተቀምጣ የሰውየውን እርምጃ እስኪጠፋ ሰማችው። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልታ አታውቅም።

ጠበል ወስደው ሞከሩ። ከጠበሉ ሲመለስ ምርኩዙ ሁለት ሆኖ ነበር። ያኔ ይመኙሻል አማቷን ሳታማክር የሸጋውን በቅሎ ለመነች። ሸጋው ጎረቤታቸው ነው፤ እሱም እንደ ምንዋጋው አንድ በሬ ስላለው ሁለቱ ባለ አንድ በሬዎች ተቀናጅተው ነበር የሚያርሱት። በቅሎዋን ሲሰጣት ዝናብ ሳይመጣ ባልሽን አድርሰሽ መልሺልኝ፣ ያለ እሱ ቀንበሬ አይቆምም አላት። ምንዋጋውን በቅሎ ላይ አውጥታ ሰቆጣ ወረደች።

የተቀበላቸው ሐኪም ጌታሁን የሚባል ወጣት ነበር። ምንዋጋውን በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አስኬደው። ከዚያ አስቀመጠውና በትንሽ መዶሻ ጉልበቱን መታ ሲያደርገው እግሩ ሳይታዘዝ ተስፈንጥሮ ሐኪሙን ሊመታው ምንም አልቀረው። እንደገና ነካው፤ እንደገና ተስፈነጠረ። ምንዋጋው ይቅርታ ጠየቀው። ሐኪሙ አልሳቀም፤ መዶሻውን አስቀምጦ በዚህ ዓመት ምን እንደበሉ ጠየቃቸው።

ይመኙሻል ጥያቄው የት እንደሚሄድ ስለገባት ቶሎ ብላ ራሷን ተከላከለች። ጓያ እንደሆነ ነገረችው፤ ግን እንዴት እንደተጠነቀቀች አንድም ሳታስቀር ዘረዘረችለት። ማሳው ውስጥ አልገባም፣ እሳቱ ሸለቆ አፋፍ ነው፣ ቂጣው ሳይበርድ ወደ አፉ አልሄደም። ምንዋጋውም እንፋሎቱን በዓይኑ እንዳላየው መሰከረላት። ሐኪሙ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ።

"ጓያውን ማን ነው የሚቀቅለው?"

"እኔ ነኝ" አለች ይመኙሻል።

"እስኪ እዚያ መስኮት ድረስ ሄደሽ ተመለሺ።"

ሄዳ ተመለሰች። ለምን እንዳስኬዳት አልገባትም። እግሯ ቀጥ ብሎ መሬቱን ሲረግጥ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን እርምጃ ሰማችው፤ እኩል እኩል ነበር።

"እንፋሎቱ ቢሆን ኖሮ የምትሰበሪው አንቺ ነበርሽ" አላት ሐኪሙ ቀስ ብሎ። "እንፋሎቱ ማንንም አይሰብርም። የሚሰብረው የሚበላው ነው። ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ያው ነው፤ ብዙ የበላ፣ ብዙ የለፋ ቀድሞ ይሰበራል።"

ይድናል ወይ ብላ ጠየቀች። ዛሬውኑ ካቆመ ባለበት ሊቆይ ይችላል፣ የሄደው ግን አይመለስም አላት። ከበላ ምርኩዙም አያቆመውም። የግድ ከሆነ ዘፍዝፈው ውሃውን እየደፉ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው፣ ሌሎቹ ይብሉ፤ እሱ ግን አይቅመስ። ከዚያ ሌላ እህል ቤት ውስጥ እንዳላቸው ጠየቀ። ምንዋጋው የለንም አለ። ይመኙሻል ወደ ባሏ አየች፤ ባሏ ወደ መሬት አየ። ሁለቱም ያቺን ጎታ እያሰቡ ነበር።

ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን ያያል ይላል ያገሬ ሰው፤ አርቆ የማያስተውለውን ሲሰድብ ነው። ጓያ ነቅሎ የማያውቅ ሰው ያወጣው ስድብ መሆን አለበት። የራበው ሰው ከፊቱ ያለውን ካላየ ምን እንዲያይ ነው የሚፈለገው? ይመኙሻል በመመለሻው መንገድ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ፊት ፊት ስትሄድ ስድቡ እየተመላለሰ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። በገዛ እጇ ነቅላው ነበር። በገዛ እጇ ጋግራ፣ አብርዳ፣ ከራሷም ቀንሳ ጨምራለታለች። "ቀዝቅዟል፣ ብላ" ያለችውን ሁሉ እያስታወሰች አለቀሰች፤ እንዳያያት ወደ ኋላ አልዞረችም። እሱ ግን ትከሻዋን አይቶ አውቋል።

"ለእናቴ አትንገሪያት" አላት ከበቅሎዋ ላይ። "ከአፏ እየነጠቀች ነው ያበላችኝ። ይህን ከሰማች አትተርፍም።"

ልጓሙን ሳብ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። አለመንገር እንዴት እንደሚቻል እያሰበች ነበር። ወለተ ሰንበት ካልተነገራቸው ማብላታቸውን እንደማይተዉ ታውቃለች፤ ቢነገራቸውም ምን እንደሚሆኑ ታውቃለች።

ቤት ሲደርሱ አማቷ ደጅ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ልጃቸው ከበቅሎ ሲወርድ ሁለቱን ምርኩዝ እያዩ፣ ስለ ሐኪሙ ምንም ሳይጠይቁ ወደ ቤት አስገቡትና መደቡ ላይ ጋቢ አነጠፉለት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። ሙሉ ቂጣ ነበር። እነሱ በሌሉበት ሸለቆው አፋፍ ድረስ ወርደው፣ በዚያ ጉልበታቸው ጋግረው፣ ነፋስ ላይ ሲያበርዱት ውለው ነው። እሳቸው አልቀመሱትም፤ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"በርዷል ልጄ" አሉት። "ምንም እንፋሎት የለበትም። ብላ፣ መንገዱ አድክሞሃል።"

ምንዋጋው ቂጣውን ተቀበለ። ለአፍታ ያዘው። ይመኙሻል ዓይኑን ባየች ጊዜ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባት፤ እናቱን ከሚያሳዝን ሊበላው ነው። ቆረሰ። ወደ አፉ ሲያደርስ ተወርውራ ከእጁ ነጠቀችው። ባል ካፉ ሲነጠቅ፣ ያውም በእናቱ ፊት፣ በዚያ አገር ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። ወለተ ሰንበት ያበደች መስሏቸው ወደ ኋላ ሸሹ።

"እማማ፣ እንፋሎቱ አይደለም" አለች ይመኙሻል፤ ቂጣውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ። "ይሄው ነው። እሚበላው ነው። እኔና እርስዎ ነን ያበላነው።"

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ሐሰት ነው እንዲላቸው ጠበቁ። ምንዋጋው እግሩን በጋቢው ሸፈነ። ወለተ ሰንበት ቁጭ አሉ። ምናልባት ትኩስ ገለባ ላይ ተኝቶ ስለተሰበረው ወንድማቸው፣ ከገለባው በፊት ስለበላው ምግብ እያሰቡ ይሆናል። ከዚያ በኽምጣንጋ አንድ ነገር ለራሳቸው ተናገሩና ተነሱ። የወፍጮውን መጅ በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ጓዳው ጥግ ሄዱ። ያችን ጎታ የመረጓት እሳቸው ናቸው፤ በረሃቡ ሁሉ እንደ ታቦት የጠበቋትም እሳቸው ናቸው። ምርጉን በመጁ መቱት።

"እማ፣ ዘር እኮ ነው" አለ ምንዋጋው።

እሳቸው ግን መምታታቸውን አላቆሙም። ምርጉ ፈረሰና ገብሱ ሲፈስ ተሰማ። ይመኙሻል ቂጣውን ለብቻ አስቀምጣ እሳት አነደደች፤ ከስንት ወር በኋላ እሳቱ ከቤት ውስጥ ነደደ፣ ማንም ውጣ አልተባለም። ገብሱ ሲቆላ ቤቱን የሞላው ሽታ የጥጋብ ሽታ ነበር። ምንዋጋው ቆሎውን እየዘገነ ሲበላ እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ እናቱ እያንዳንዱን ጉርሻ እስኪውጥ ያዩት ነበር።

ዝናቡ የመጣው በማግስቱ ነው። የሰቆጣ ሰው ሁሉ ሲማልደው የከረመው ዝናብ ገና ሳይነጋ ቆርቆሮ ባለው ቆርቆሮውን፣ ሣር ባለው ሣሩን እየደበደበ ወረደ፤ ሲያባራ ምድሩ እርጥብ አፈር ሸተተ። መንደሩ በእልልታ ተነሳ። ከየደጁ በሬ ይወጣል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ሰው ከወዲያ ወዲህ ይጠራራል። ሸጋው በሬውን እየነዳ ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣና በአጥሩ በኩል ምንዋጋውን በስሙ ጠራው። ሐኪሙ ሰቆጣ ላይ ያለውን አልሰማም፤ ታክሞ የተመለሰ መስሎታል።

ይመኙሻል ጓዳ ነበረች፤ የተረፈውን ዘር ጭኗ ላይ አድርጋ ድንጋዩን እየለቀመች ነው። ግማሹ ለመብል ተለይቶ ግማሹ ተርፏል፤ ለዚያች ቁራሽ መሬት ይበቃል። ከመደቡ በኩል መንቀሳቀስ ሰማች። አትነሳ ልትለው ፈልጋ ተወችው። እግሮቹ መሬት ነኩ። ምርኩዞቹ ከግድግዳው ሲነሱ አልሰማችም፤ ያለ እነሱ ነው የሚሄደው። ሸጋው እንዳያይበት ነው። አንዱ እግር ረገጠ፣ ሌላው ጫር አድርጎ ተከተለ፤ አንዱ ረገጠ፣ ሌላው ጫር አደረገ፤ ደፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ይመኙሻል ዘሩን እንደያዘች አንገቷን ደፍታ፣ ደፉን ይሻገር እንደሆነ ለመስማት ጠበቀች። ከደጅ ሸጋው እንደገና ተጣራ፤ "ና እንጂ፣ አፈሩ ሳይደርቅ።"